ጥላ ወይስ ጥላሸት? ቦርሳችን ውስጥ ባለው ሜካፕ ኮንቱር ለመሥራት የቱ ይሻላል

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ ደብረ ማርቆስ ተዳረች። ከባሕር ዳር ዋዜማውን ገብቼ አክስቴ ቤት አደርኩ። ጠዋት ስነሣ መብራት የለም። በስልኬ መብራት ፊቴን መሥራት ጀመርኩ። ፋውንዴሽን ቀባሁ፣ ፓውደር ደገምኩ። ከዚያ ለሠርጉ ብዬ የገዛሁትን ጠቆር ያለ የክሬም ስቲክ ከጉንጬ አጥንት ሥርና በመንጋጋዬ ዙሪያ ሳብ ሳብ አደረግኩት። በስልኩ መብራት ሳየው፣ ምን ልበላችሁ፣ የፊልም ተዋናይ ነው የመሰልኩት።

ወደ ዳሱ ስወጣ ፀሐይዋ ወጥታለች። አክስቴ ሽንኩርት ከሚልጡት ሴቶች መሀል ቀና ብላ አየችኝ። ተነሣች። የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ ረጠብ አድርጋ አገጬን ያዘችና፣ "ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ምድጃ ሥር ምን ልትሠሪ ገባሽ? ጥላሸት ነክቶሻል" ብላ መንጋጋዬን ፈተገችው። ሴቶቹ ሁሉ ያዩኛል። "ሜካፕ ነው" ለማለት እንኳን ወኔ አልነበረኝም።

ጥላ ልሥራ ብዬ ጥላሸት ሠርቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ቡናማ ነገር ሁሉ፣ የጓደኞቼንም ጭምር፣ ጉንጬ ላይ ሞክሬዋለሁ። ቢሮ ለመግባት፣ ለቡና ለመውጣት፣ ዘመድ ለመጠየቅ የሚበቃ ኮንቱር፣ ማለትም ፊት ላይ በቀለም የሚሳል ጥላ፣ ለምትፈልጉ ነው የምጽፈው። ሙሽራ የሚሠሩ ባለሙያዎች እዚህ የሚማሩት ነገር ስለሌለ ይለፉኝ።

የጠፋውን ጥላ መመለስ

ብርሃን ከላይ ሲመጣ ወጣ ያለው አጥንት ይበራል፣ ገባ ያለው ቦታ ይጠቁራል። ፊታችን ቅርጽ ያለው የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ፋውንዴሽን ስንቀባ ግን ፊታችን ሙሉ በሙሉ አንድ ቀለም ይሆናል። ጥላው ይጠፋል። ኮንቱር ራሳችን ያጠፋነውን ጥላ መልሶ መሳል ነው። ስለዚህ ፋውንዴሽን የማትቀቡ ከሆነ፣ ወይም ስስ አድርጋችሁ ብቻ የምትቀቡ ከሆነ፣ የሚያስፈልጋችሁ በጣም ትንሽ ነው። አንዳንዴም ምንም።

ነገሩ ከመድረክና ከፊልም ነው የመጣው። ኃይለኛ መብራት የተዋናዩን ፊት ጠፍጣፋ ስለሚያስመስለው ጥላውን በቀለም ይሠሩለት ነበር። ቲክቶክ ላይ የምናየውም የዚያው ዘመድ ነው። ልጅቷ ፊት ለፊቷ ክብ መብራት ተክላለች። እኛ ደግሞ ቀን 6 ሰዓት ላይ ከባጃጅ ወርደን በአናታችን ፀሐይ እንሄዳለን። እዚያ ያማረው እዚህ ጭቃ የሚመስለው ለዚህ ነው።

አያቴ ነፍሷን ይማረውና መንጋጋዋን ተከትሎ እስከ አንገቷ የሚወርድ ንቅሳት ነበራት። ልጅ ሆኜ ለምን እንደተነቀሰች ስጠይቃት "አንገት እንዲያወጣልኝ ነዋ" ትለኝ ነበር። እንግዲህ ኮንቱር በሏት። የእሷ ግን በነጠላ ጫፍ አይለቅም።

መጀመሪያ የራሳችሁን ጥላ እዩ

ምንም ነገር ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ጠዋት፣ ፊታችሁን ታጥባችሁ፣ መስኮት አጠገብ በጎን ቁሙ። ትንሽ መስታወት ያዙ። ሌባ ጣታችሁን በመስኮቱ በኩል ካለው ጉንጫችሁ ፊት፣ ሳታስነኩት፣ ዘርጉት። የጣታችሁ ጥላ ቆዳችሁ ላይ ያርፋል። ቀለሙን ልብ ብላችሁ እዩት። ቀይ ነው? አይደለም። ብርቱካንማ ነው? እሱም አይደለም። ቆዳችሁ ራሱ ነው፣ ደብዘዝና ጠቆር ያለ። የምትፈልጉት ቡናማ እሱን የሚመስለውን ነው።

እኔ ቀይ ዳማ ነኝ። የኔ ጥላ ግራጫ ነካ ያደረገው ቡናማ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ጠይም ናት፤ የእሷ ወደተቆላ ቡና ያደላል። ሌላዋ ጓደኛችን ጠቆር ትላለች። እሷ ግራጫ የነካው ቡናማ ስትቀባ አመድ የተነሰነሰባት ትመስላለች። ለእሷ የሚሆናት ጥቁር ሆኖ ትንሽ ሞቅ ያለ፣ ልክ ጀበና ውስጥ እንዳለ ቡና ዓይነት ነው። የቆዳ ቀለም እየጠቆረ በሄደ ቁጥር ግራጫውን ቀንሱ። በጣም ጥቁር ቆዳ ያላችሁ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፦ ጥላ ከመጨመር ይልቅ ከዓይን ሥርና ከጉንጭ አጥንት አናት ላይ ፈካ ያለ ኮንሲለር (ጥቁረትና ነጠብጣብ መሸፈኛ ክሬም) ጠብ ማድረግ የበለጠ ያምርባችኋል። ጥላውን ተፈጥሮ ሰጥታችኋለች።

የጥቁረቱ መጠን ከቆዳችሁ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ደረጃ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ምድጃ ሥር ያስገባችኋል።

ሌላው፣ የሚያብረቀርቅ ነገር አይሆንም። ጥላ አያብረቀርቅም። ሱቅ ውስጥ "ማት" ብላችሁ ጠይቁ።

ቡናማ አይሻዶ፦ የኔ ምርጫ

የአይሻዶ ፓሌት የሌለው ቤት የለም። ወርቃማውና ሮዙ ተፍቆ አልቋል፣ ሁለቱ ደብዛዛ ቡናማዎች ግን እንደተገዙ አሉ። ማንም አይነካቸውም። እነሱ ናቸው ኮንቱራችሁ።

አይሻዶን የምመርጥበት ምክንያት ቀላል ነው። አንድ ፓሌት ላይ ሁለት ሦስት ቡናማ ስላለ ቀላቅላችሁ የራሳችሁን ጥላ ታገኛላችሁ። ክረምት ላይ ቀላ ስትሉ አንዱን፣ በጋ ላይ ፀሐይ ሲነካችሁ ሌላውን። ዱቄት ስለሆነ ወዛም ፊት ላይ ይቆማል። ከተሳሳታችሁ ደግሞ በንጹሕ ብሩሽ ማራገፍ ትችላላችሁ።

ችግር አለው። አይሻዶ የተሠራው ለትንሿ የዓይን ቆብ ስለሆነ ቀለሙ ኃይለኛ ነው። ብሩሹን ነክራችሁ በቀጥታ ጉንጭ ላይ ካሳረፋችሁት አንድ ቦታ ላይ እንደ ማዲያት ቁጭ ይላል። ከዚያ ብታሹት ብታሹት አይለቅም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ብሩሹን አንዴ ብቻ ነካ አደርጋለሁ። የእጄ ጀርባ ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደርገዋለሁ፤ ግማሹ እዚያ ይቀራል። ከዚያ ከጆሮዬ ግንድ እጀምራለሁ። ጉንጬን በጣቴ ዳብሼ አጥንቱን አገኘዋለሁ፤ ከአጥንቱ ሥር የምትገባዋን ጎድጓዳ ተከትዬ ወደ አፌ አቅጣጫ እወርዳለሁ። የዓይኔ የውጭ ጫፍ ትይዩ ስደርስ አቆማለሁ። አፍ ድረስ ከመጣ የታመመ ሰው ያስመስላል። ብሩሹ ላይ የቀረውን በትንንሽ ክብ እያዞርኩ ወደ ላይ አዋህደዋለሁ። ወደ ላይ ነው ያልኩት። ወደ ታች ካዋሃዳችሁት ፊት ይወርዳል፤ በ30 ዓመታችሁ የ50 ትመስላላችሁ።

ብሩሹ ትልቅና ለስላሳ መሆን አለበት። ከፓሌቱ ጋር የሚመጣችውን ትንሽ ስፖንጅ ወርውሯት።

ጠቆር ያለ ፓውደር፦ ለፈሪዎች

ይህን በንቀት አይደለም የምለው። እኔም ቢሮ ስገባ አብዛኛውን ጊዜ እሱን ነው የምጠቀመው። ፊታችሁ ላይ ከምትቀቡት ፓውደር ሁለት ደረጃ የጠቆረ ገዝታችሁ በትልቅ ብሩሽ ታራግፉታላችሁ። ቀለሙ ስስ ስለሆነ መሳሳት ራሱ ይከብዳል። የቸኮላችሁ ቀን በ1 ደቂቃ ያልቃል።

ከአይሻዶ ጋር ሳወዳድረው ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ ስስነቱ። ፎቶ ላይ አይታይም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጭራሽ የለም። ሁለተኛ፣ በየኮስሞቲክስ ቤቱ ጥቁር የሚባለው ፓውደር ብዙ ጊዜ ወደ ቀይ ያደላል፤ የገል ዱቄት የመሰለ ነገር ነው። መስኮት አጠገብ የእጃችሁ ጀርባ ላይ ሳታዩት አትግዙ። ሱቅ ውስጥ ያለው ነጭ መብራት ይሸውዳችኋል። ወደ በሩ ወጣ ብላችሁ እዩት። ባለሱቁ ቢያጉረመርም ይቻለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፓውደሩ ላይ በስፖንጅ ቶሎ ቶሎ ከነካችሁት የፊታችሁ ወዝ ወደ እሱ ይሄድና ላዩ እንደ ጣውላ ጠንክሮ ያብረቀርቃል። አልቆ ወይም ተበላሽቶ አይደለም። ፕላስተር ለጥፋችሁ ብትነቅሉት ያ ሽፋን ይነሣል፣ ሥሩ አዲስ ነው።

የተሳሳተው ፋውንዴሽን

መሳቢያችሁን ክፈቱ። ቀለሙ አልሆን ብሏችሁ፣ መጣሉ ደግሞ አንጀታችሁን በልቷችሁ ያስቀመጣችሁት ፋውንዴሽን አለ። አውቃለሁ፣ አለ። ከቆዳችሁ የጠቆረ ከሆነ ኮንቱር ነው። የፈካ ከሆነ ለዓይን ሥር ይሆናችኋል።

ለረጅም ጊዜ የጥቁር ሴቶች ችግር ጠቆር ያለው ቀለም አለመኖሩ ነበር። በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሪሃና ፌንቲ ቢዩቲ በአንዴ 40 ቀለም ይዞ ሲወጣ ዓለም ያን ያህል ያወራለት ለዚህ ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ግን ነጋዴው ይሸጣል ብሎ የገመተው ሦስት አራት ቀለም ነው። በስህተት መግዛታችን አይገርምም።

ፋውንዴሽን ኮንቱር ከሁሉም የበለጠ የራስን ቆዳ ይመስላል። ይህን ለመካድ አልችልም። ደረቅ ፊት ላይ ዱቄት ቅርፊት ያስነሣል፤ ፋውንዴሽን ግን ይቀልጥና ይዋሃዳል። ከጉንጭ አጥንት ሥር ሦስት ነጠብጣብ ብቻ አድርጉ፣ እያንዳንዷ ከምስር ፍሬ ያነሰች። ረጥቦ በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ መታ መታ አድርጉት። አትጥረጉት፤ ከጠረጋችሁት ሥር ያለውን ፋውንዴሽን ይዞ ይነሣል።

ቅደም ተከተሉ ላይ ቀልድ የለም። እርጥቡ ከፓውደር በፊት ነው። ፓውደር ከተቀባ በኋላ እርጥብ ነገር ካመጣችሁ ገንፎ ላይ ባንዴ እንደተደፋ ዱቄት ይጓጉላል። የኔ የሠርጉ ዕለት ጥፋትም ግማሹ ይኼው ነበር፤ ከፓውደር በላይ የክሬም ስቲክ ነው የጎተትኩት።

ደግሞ ታገሡት። አብዛኛው ዓይነት ፋውንዴሽን ቆዳ ላይ ካረፈ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ትንሽ ይጠቁራል። ሲቀባ ልክ የሆነው በር ላይ ስትደርሱ ጠቁሮ ይገኛል። ቀብታችሁ ቁርሳችሁን ብሉ፣ ከዚያ እዩት።

ኮንሲለርም እንዲሁ ነው። ይበልጥ ስለሚወፍር ግማሹን ብቻ ውሰዱ።

ብሮንዘር ኮንቱር አይደለም

ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ሰው አለ፤ ሻጮቹም ጭምር። ብሮንዘር ፀሐይ የነካው ፊት ማስመሰያ ነው። ቀለሙ ሞቅ ይላል፤ የሚቀባውም ፀሐይ በሚያርፍበት በግንባር፣ በጉንጭ አናትና በአፍንጫ ላይ ነው። ኮንቱር ግን ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ ነው። ብሮንዘርን ጎድጓዳው ውስጥ ካደረጋችሁት ጉንጫችሁ ላይ የደረቀ በርበሬ የተነካ ይመስላል። ያላችሁ እንደ ብላሽ (የጉንጭ ማቅያ) ተጠቀሙበት፣ ጥሩ ነው። የሌላችሁ ለኮንቱር ብላችሁ አትግዙ። እኛ አገር ፀሐይ በነፃ ነው።

ያልጠበቅኩት አሸናፊ

የቅንድብ ፓውደር። እርሳሱን አይደለም ያልኩት። እርሳስ ሰም አለው፤ ቆዳ ላይ ይጎተታል፣ መስመር ትቶ ይሄዳል፣ ሲያዋህዱት ይበጣጠሳል። ዱቄቱ ግን ፀጉር እንዲመስል ተብሎ ስለሚሠራ አያብረቀርቅም፣ ቀይነትም የለውም፣ ብዙ ሰዓት ይቆማል። ቀይና ቀይ ዳማ ለሆናችሁ ከጥላችሁ ጋር የሚገጥም ቡናማ ከፈለጋችሁ ከአይሻዶ በፊት እሱን ሞክሩ። መጠኑ ትንሽ መሆኑ ብቻ ነው ችግሩ። በየቀኑ ለሁለት ጉንጭ ከተጠቀማችሁበት በሁለት ወር ታች ያለው ብረት ይታያል።

ቡናማ ሊፕስቲክ አይሆንም። ቅባት ይበዛዋል፣ ሥሩ ቀይ ነው፣ ቀለሙም ቆዳ ይይዛል። ጉንጭ ላይ እንደ ብላሽ ግን እሰየው።

የቡና ዱቄት፣ ካካዎ ምናምን የሚሉትንም አይቻለሁ። የቡና ዱቄት ቆዳ ይቧጫል፣ ከላብ ጋር ሲሆን ደግሞ አንገት ላይ ይወርዳል። ቡና ለጀበና።

እውነተኛው የኮንቱር ፓሌትስ? ሚዜ የምትሆኑ ከሆነ፣ ወይም በወር አራት ጊዜ ፎቶ የምትነሡ ከሆነ ግዙት። ዱቄት ያለበትን ፓሌት ከስቲኩ አስቀድሙ። ስቲክ ቀላል ይመስላል፣ እንደ ሊፕስቲክ ስለሚያዝ። ግን መስመሩ እንደተሳለ ይደርቃል፤ እጃችሁ ካልፈጠነ አከተመ። እኔን ተመልከቱ።

ባሕር ዳርና ማርቆስ አንድ አይደሉም

የጎጃም አየር ራሱ ምርጫችሁን ይወስናል። ባሕር ዳር ጣና ዳር፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቀን ቀን 30 ዲግሪ አካባቢ ይገባል። እዚህ እርጥብ ኮንቱር ጠዋት ጉንጭ ላይ ተቀብቶ እኩለ ቀን ላይ አገጭ ላይ ይገኛል። ብስክሌት የምትነዱማ አታስቡት፤ ላቡ ላይ አቧራው ተጨምሮ ሌላ ቀለም ይሠራል። ባሕር ዳር ዱቄት ነው። አይሻዶ ወይም የቅንድብ ፓውደር።

ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። የጮቄ ተራራ ብርድ ሲመጣ፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት፣ ፊት ይደርቃል፣ አፍንጫ ዙሪያ ይላጣል። እዚያ ዱቄት በደረቀው ቆዳ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ማርቆስ ፋውንዴሽን ነው። ከዚያ በፊት ፊታችሁን አለስልሱ፣ ግን በቫዝሊን አትዝፈቁት። ቫዝሊን ላይ የተቀባ ፋውንዴሽን እንደ ጭቃ መንገድ ያንሸራትታል። ቀጭን ሎሽን ቀቡ፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ።

ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ዳንግላ ላላችሁ እንደ ወቅቱ ነው፤ በብርዱ ወራት እንደ ማርቆስ፣ በሙቀቱ ወራት እንደ ባሕር ዳር አድርጉ። ወደ አዲስ አበባ የምትጓዙ ደግሞ ደጀንን አልፋችሁ አባይ በረሃ ስትወርዱ ሙቀቱ ምንም ዓይነት ሜካፕ አያስተርፍም። ሳትቀቡ ሂዱና እዚያው ተቀቡ።

ከፍታው ሌላ ጣጣም አለው። በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሁላችንም ከፍታ ላይ ነን። ሰንስክሪን ከሁሉም በፊት ይቀባል፤ ማዲያት ከያዛችሁ በኋላ ማንም ኮንቱር አያድናችሁም። ማታ በፍላሽ ፎቶ የምትነሡ ከሆነ ግን የነጭነት ምልክት የሚተወውን ሰንስክሪን ለዚያ ሰዓት ተዉት። ዚንክ ወይም ታይታኒየም ያለባቸው ፍላሽ ሲያርፍባቸው ፊትን ነጭ ያደርጋሉ። አንገት ጠይም፣ ፊት ጤፍ ዱቄት። የሠርግ አልበም የሚያበላሽ ነገር ነው።

ነጠላ፣ ሹሩባና ቅቤ

ይህን የፈረንጅ ቪዲዮ አይነግራችሁም። ነጠላ የምታጣፉ ከሆነ መንጋጋችሁን ተዉት። ነጭ ነጠላ መንጋጋ ላይ ያረፈ ፋውንዴሽንን አንድ በአንድ ይሰበስባል፤ የጥለቱ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ይመለሳል። ሂጃብ የምትለብሱም ያው ናችሁ፤ አገጭ ሥር የሚነካካው ቦታ ላይ ምንም አታድርጉ። የግድ ካላችሁ በዱቄት ብቻ፣ ተራግፎ፣ ስስ ተደርጎ።

ሹሩባ የተሠራችሁ ደግሞ ግንባርን ተጠንቀቁ። ቪዲዮ ላይ የፀጉር መነሻን ተከትሎ ቡናማ ሲቀቡ ታያላችሁ። ሹሩባ ላይ ያ ቡናማ በየመስመሩ መሀል ይገባና ራስ ቅል ላይ ይታያል፤ ፀጉሯን ሳትታጠብ የተሠራች ያስመስላል። ቅቤ ተቀብታችሁ ከሆነማ ጭራሽ። ፀሐይ ሲነካው ቅቤው ወደ ግንባር ይወርዳል፣ ዱቄቱም ሊጥ ይሆናል። ጉንጭ ብቻ ይበቃል።

ስለ ፊት ቅርጽ ረጅም ነገር ይጻፋል፤ እኔ አሳጥረዋለሁ። ክብ ፊት ያላችሁ ከጉንጭ አጥንት ሥር። ፊታችሁ ሞላላ ከሆነ ጉንጭን ትታችሁ የአገጭን ታች በትንሹ። ጉንጫችሁ ራሱ የገባ ከሆነ ምንም፤ ብላሽ ብቻ ተጠቀሙ። አፍንጫን ለዕለት ሜካፕ ተዉት። በቀን ብርሃን በአፍንጫ ግራና ቀኝ የተሳለ ሁለት መስመር ተሰውሮለት ያየሁት ሰው የለም። ደግሞ ሰልካካ አፍንጫ ይዞ ሰልካካ ማድረግ ምን ይሉታል?

ብሩሽ መዋዋስ

ሠርግ ቤት አንድ ብሩሽ ለአሥር ሰው ይዞራል። ጉንጭ ላይ ያለው ብዙም አያስፈራኝም። የዓይኑ ግን ያስፈራኛል። ትራኮማ በክልላችን የቆየ በሽታ ነው፤ ከዓይን የሚወጣ ፈሳሽ በእጅና በጨርቅ ጭምር ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። አይሻዶን ለጉንጭ ስትጠቀሙ ለዓይን የነካችሁበትን ብሩሽ አትድገሙት፣ ለሌላ ሰውም አትስጡት። ኩልማ ፈጽሞ። ብሩሹን በሳምንት አንዴ በሳሙና አጥባችሁ፣ ውኃው እጀታው ውስጥ እንዳይገባ አግድም አስተኝታችሁ አድርቁት።

ዕቃው ላይ ክዳኑ የተከፈተ ጣሳ ሥዕል አለ፤ መሀሉ ላይ ቁጥር ተጽፏል። 12 ካለ ከተከፈተ በኋላ 12 ወር ነው። እርጥቡ ቀድሞ ይበላሻል፣ ዱቄቱ ይቆያል። ጽሑፉ የተንጋደደ ወይም ፊደሉ የተሳሳተ ዕቃ ካያችሁ ፎርጅድ ነው። ዋጋው ቢያጓጓችሁም እለፉት።

ስትጨርሱ መስኮቱ ጋ ተመለሱ። አንድ እርምጃ ሸሽታችሁ ፊታችሁን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዙሩ። ቡናማው ከየት እንደሚጀምር በዓይናችሁ ካገኛችሁት በዝቷል። የመጨረሻው ፈተና የባጃጅ መስታወት ነው፤ ብርሃኑ በሁሉም በኩል ይገባል፣ መስታወቱም አያባብልም። ቦርሳዬ ውስጥ ንጹሕ ብሩሽ የምይዘው ለዚያ ነው።

ዘንድሮ ለፋሲካ ማርቆስ ሄጄ ነበር። ጠዋት መስኮት ከፍቼ፣ ፋውንዴሽኑን አሳስቼ፣ ያንን የተረሳ ቡናማ አይሻዶ ሁለት ጊዜ ብቻ አሳረፍኩ። መንጋጋዬን አልነካሁም። አክስቴ ገበታው ላይ ተቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ። እጇ ወደ ነጠላዋ ጫፍ እንዳይሄድ እየተሳቀቅኩ ነበር።

"ምነው ልጄ፣ ከሳሽሳ? ባሕር ዳር እህል የለም እንዴ?" አለችኝ።

ከዚያ ዶሮውን ጠቅልላ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ አጎረሰችኝ። አፌ ሞልቶ መመለስ አልቻልኩም። አንድ ያጣላል ብላ ሁለተኛውን ደገመችልኝ።